የ50ዎቹን ሮክ ኤንድ ሮል በየትኛው ስብስብ እንስማ?

ወንድሜ፣ «የ50ዎቹን ሮክ ኤንድ ሮል ላውቅ ብዬ 100 ዘፈን የያዘ ርካሽ ስብስብ ገዛሁ፤ ሰው የሚያወራለት ጉልበት ግን አልተሰማኝም። ጥፋቱ የሙዚቃው ነው የስብስቡ?» ብለህ ጠይቀሃል። የስብስቡ ነው። እነዚህን ስብስቦች እየገዛሁና እያወዳደርኩ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ በእርግጠኝነት ነው የምነግርህ፤ እባክህ ሙዚቃውን እንዳትተወው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በመጀመሪያ ሽፋኑን ገልብጠህ አንብብ። የሚለው «የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች» ሳይሆን «በመጀመሪያዎቹ ዘፋኞች» ከሆነ ተጠንቀቅ። ዘፋኙ ራሱ ነው፤ የምትሰማው ግን በጊዜው አገር ያናወጠውን ቅጂ ላይሆን ይችላል። የተቀዳው ድምፅ ንብረትነቱ የአሳታሚው ስለነበር፣ ዘፋኙ ወደ ሌላ አሳታሚ ሲዛወር የድሮ ዘፈኖቹ እዚያው ይቀራሉ። አዲሱ አሳታሚም እንደገና ያስዘፍነዋል። ኤቨርሊ ብራዘርስ ከኬደንስ ወደ ዋርነር፣ ጄሪ ሊ ሉዊስ ከሰን ወደ ስማሽ፣ ቸክ ቤሪ ከቼስ ወደ ሜርኩሪ ከሄዱ በኋላ ታዋቂ ዘፈኖቻቸውን ደግመው ቀድተዋል። ሊትል ሪቻርድም ለቪ ጄይ እንደዚሁ። ርካሽ ስብስብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኘው እነዚህን ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው ካልከኝ፣ የጄሪ ሊን «ሆል ሎታ ሼኪን ጎይን ኦን» የ1957 የሰን ቅጂ ፈልገህ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። መሐል ላይ ባንዱ ዝቅ ይልለታል፣ እሱም ድምፁን ቀንሶ እያወራ ይቀጥላል፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይፈነዳል። ድምፁን ተከትላ የምትመጣ አጭር ማሚቶ አለች። የሰን ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ሜምፊስ በነበረችው ትንሽ ስቱዲዮው ሁለት የቴፕ ማሽን አገናኝቶ፣ ሁለተኛው ለቅጽበት ዘግይቶ እንዲያሰማ እያደረገ ነበር ይህን የሚያወጣው። ማሚቶዋ ዘፈኑ ሲቀዳ አብራ የተሠራች ናት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ባንድ ይዞ ያንኑ ሰው ብታስዘፍነው እሷን አታገኛትም።

ሁለተኛው ችግር ስቴሪዮ ነው። እነዚያ ነጠላ ዜማዎች የተሠሩት ለሬዲዮና ሳንቲም ተከቶበት ለሚዘፍነው ማሽን ስለነበር አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፤ ማለትም ድምፁ ሁሉ ባንድ መስመር የሚወጣ፣ እንደ ስቴሪዮ ለግራና ለቀኝ ያልተከፈለ። በ60ዎቹ ስቴሪዮ ሲገን አሳታሚዎች ሞኖውን ለሁለት እየከፈሉ፣ ቀጭኑን ድምፅ በአንድ ወገን ወፍራሙን በሌላው እያደረጉ፣ አንዳንዴም ማሚቶ እየጨመሩ «ስቴሪዮ» ብለው ሸጡት። ድራሙ ጉልበቱን ያጣል፣ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል። እንደዚህ የተደረጉ ቅጂዎች ዛሬም ሲዲ ላይ ይገባሉ። ሞኖ የሚል ጽሑፍ ስታይ ደስ ይበልህ።

ሦስተኛው ጽዳት ነው። የቴፑን ሽሽታ (ከጀርባ ሽሽ የሚለውን ድምፅ) ለማጥፋት ሲባል ሲምባሉና የክፍሉ አየር አብሮ ይጠረጋል። ይህን የምለየው በዘፈኑ መጨረሻ ነው። ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ሽሽታው አብሮ ከሳሳ ደህና ነው፤ በድንገት ጭጭ ካለ ተጠርጓል።

ርካሾቹ የበዙበት ምክንያት በአብዛኛው ሕግ ነው። በአውሮፓ ለተቀዳ ድምፅ የሚሰጠው ጥበቃ ለ50 ዓመት ነበር። በ2011 ወደ 70 ከፍ እንዲል ተወሰነ፤ እስከ 1962 መጨረሻ የወጡት ግን ጊዜያቸው ስላለፈ ነፃ እንደሆኑ ቀሩ። ስለዚህ ማንም ሰው ዋናው ቴፕ ሳይኖረው ከሌላ ሲዲ ገልብጦ ቢያሳትም እዚያ ሕጋዊ ነው። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፤ ግን ከየት እንደተቀዳ የማይናገር ስብስብ አልገዛም።

እና ምን ልግዛ? ከአንድ ሰው መጀመር ከፈለግክ የቸክ ቤሪ «ዘ ግሬት ትዌንቲ ኤይት»። በ1982 የወጣ ነው፣ ከ1955 ጀምሮ በቼስ የቀዳቸውን 28 ዘፈኖች ይዟል፣ አንድም የሚዘለል የለውም። ለኤልቪስ በ1976 የወጣውን «ዘ ሰን ሴሽንስ» ያዝ፤ አርሲኤ የተባለው አሳታሚ በ1955 መጨረሻ ውሉን በ35,000 ዶላር ከሳም ፊሊፕስ ከመግዛቱ በፊት የተቀዱት ናቸው። የብዙ ዘፋኞች ከሆነ ደግሞ የእንግሊዙ አሳታሚ ኤስ ከ1991 ጀምሮ በተከታታይ ያወጣው «ዘ ጎልደን ኤጅ ኦፍ አሜሪካን ሮክ ኤንድ ሮል»። በየሲዲው 30 ያህል ዘፈን አለ፣ የእያንዳንዱ ታሪክም ከሲዲው ጋር በሚመጣው ትንሽ መጽሔት ተጽፏል። የአምሃ ሪከርድስን ሸክላዎች በ«ኢትዮፒክስ» ያወቅን ሰዎች እንዲህ ያለ መጽሔት ምን ያህል እንደሚጠቅም እናውቃለን። የሴቶቹን ቡድኖችና የ60ዎቹን መጀመሪያ ፖፕ ከወደድክ፣ በ1991 የወጣው የሙዚቃ አዘጋጁ (ፕሮዲውሰሩ) የፊል ስፔክተር «ባክ ቱ ሞኖ» አለልህ። ዋጋው ግን ጠንከር ይላል።

በስልክ የምትሰማ ከሆነ ከዘፈኑ ጎን የሚታየውን ዓመት አትመን፤ ብዙ ጊዜ የስብስቡ የወጣበት ነው። «እንደገና የተቀዳ» የሚል ካየህ እለፈው። አሁን በእጅህ ያለውንም ቶሎ አትጣለው፤ የጀርባውን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው። ከየዘፈኑ ጎን የመጀመሪያው አሳታሚ ስምና የሸክላው ቁጥር፣ ለምሳሌ ለ«ቱቲ ፍሩቲ» ስፔሻልቲ 561፣ ተጽፎ ከሆነ የትኞቹን ሳትሰማ ማለፍ እንደሌለብህ ለይቼ እነግርሃለሁ።