የፍጥነት ራዳርና የድሮን ራዳር

ጥያቄ፦ ከጅማ አጋሮ ሚኒባስ እነዳለሁ። የትራፊክ ፖሊስ ራዳር በዩክሬን ጦርነት ድሮን ፈልጎ ከሚያገኘው ራዳር ጋር አንድ ነው ይባላል። እውነት ነው? ከመንገድ ዳር ሲለካስ አይሳሳትም?
አንባቢ፣ ከሄርማታ

መልስ፦ መሠረቱ አንድ ነው፤ ሞገድ ይልካል፣ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ስንት እንደተቀየረ ይለካል፤ ከለውጡም ፍጥነቱን ያሰላል። በ24 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር፣ ፊት ለፊት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከሚመጣ መኪና ወደ 3,560 ኸርዝ ለውጥ ያገኛል። ከጎን ሲያነጣጥሩበት ንባቡ ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ 80ው 75 ይሆናል። ስለዚህ ማዕዘኑ እርስዎን አይጎዳም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጨረሩ በራቀ ቁጥር ስለሚሰፋ፣ ከኋላዎ የሚበር አይሱዙ ይበልጥ አንጸባርቆ ፍጥነቱ በእርስዎ ሊመዘገብ ይችላል። ሲያስቆሙዎት ከስንት ሜትር እንደተለካና ከኋላ መኪና እንደነበረ በትሕትና ይጠይቁ።

ድሮን ግን ከባድ ነው። ትንሽና ባብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ የሚመልሰው ሞገድ ደካማ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ 1/16 ይወርዳል። ከወፍ የሚለየው የሚሽከረከሩት ክንፎቹ በሚፈጥሩት ፈጣን የድግግሞሽ መዋዠቅ ነው። በፋይበር ኦፕቲክ ገመድ የሚመራው ድሮን የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ስለሌለው በጃመር (የሬዲዮ ሞገድን በሚያውክ መሣሪያ) አይቆምም፤ ራዳር ግን ያየዋል።