«ልጄ በታህሳስ ክረምት ገባ ትለኛለች»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ሰው ነኝ፣ ይሄን የሚጽፍልኝ የእህቴ የልጅ ልጅ ነው። ልጄ ባለፈው መስከረም አሜሪካ ሚኒያፖሊስ የሚባል ከተማ ሄዳለች። በታህሳስ ስትደውል «እማ ክረምት ገባ፣ አልቻልነውም» አለችኝ፣ እኔም ዣንጥላ ያዢ ወንዝ ዳርም አትሂጂ ጎርፍ አይታመንም ብዬ መከርኳት፣ ሳቀች። ደሞ እዛ ሃይቅ ላይ መኪና ይነዳል ትላለች። ጎረቤቴ ከተማው ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው አለው ይላል፣ ይሄ ልጅ ስልኩ ላይ አይቶ 4 መቶ ሺ ነው ይለኛል፣ የቱን ልመን? ጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ 3 ሰዓት ላይ ስደውል ሁሌ ተኝታ ነው የማገኛት። እስኪ አስረዳኝ፣ ያለችበትን ሀገር በአይነ ህሊናዬ ልየው።

መልስ፦ እማማ ጤና ይስጥልኝ። በምክርዎ ምንም አይዘኑ፣ ክረምት ገባ ለተባለ ሰው ዣንጥላና ጎርፍ ነው የሚታሰበው፣ ጥፋቱ የቃሉ ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ማለታችን ነው። ባህር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ከሱ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ ነው የሚወርደው። ፈረንጆቹ ዊንተር የሚሉትን ወቅት ትምህርት ቤት ክረምት ብለው አስተማሩን፣ በዛው ቀረ። ዊንተር ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትሄድበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት ጊዜ ነው እንጂ ከዝናብ ጋር አይገናኝም፣ የሚገባውም ታህሳስ 12 አካባቢ ነው፣ በኛ አቆጣጠር በጋ ሊገባ 2 ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ «የበረዶ ወቅት» እያልኩ ነው የማወራው፣ ቢያንስ እናትና ልጅ አይደናገሩም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ታህሳስና ጥር እኛም ጋ ሌሊቱ ይበርድ የለ? ማለዳ ጣና ዳር ቢወርዱ ውሃው ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነው የሚያገኙት፣ ታንኳ ቀዛፊው ጋቢውን እስከ ጆሮው ድረስ ተጠቅልሎ ደንገሉ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ነው፣ ሌሊት ላይ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳላ። ያ ብርድና የልጅዎ ብርድ ምክንያታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን ናቸው፣ በዛ ሰሞን ደሞ ምድር ሰሜኑን ጎኗን ከፀሐይ መለስ ታደርጋለች። ልዩነቱ የርቀቱ ነው፣ ባህር ዳር ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት፣ ሚኒያፖሊስ 45 ላይ፣ በምድር ወገብና በሰሜን ዋልታ መሃል እኩሌታው ላይ ማለት ነው። ለኛ ቀኑ ትንሽ ያጥራል፣ ሌሊቱ ትንሽ ይበርዳል፣ ያልፋል። ለነሱ ፀሐይዋ በጣም ዝቅ ትልና ጥር ላይ የቀንና የሌሊቱ አማካይ ራሱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ክፉ ሌሊት ሲመጣ ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል። ባህር ሩቅ ነው፣ ከካናዳ የሚወርደውን ንፋስ የሚያግድ ተራራም የለም።

ሐምሌ ላይ ደሞ ሞቀኝ ብላ ስትደውል አይገረሙ፣ እውነቷን ነው። በዛ ወር የነሱ አማካይ ወደ 23 ዲግሪ ነው፣ ከባህር ዳር ሐምሌ ይሞቃል። እኛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ እነሱ 250 ገደማ፣ አየሩ ደሞ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዛ ላይ የኛን ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ይሸፍነዋል። ፀሐይ ባህር ዳር ላይ ልክ አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለቴ ነው፣ አንዴ ሚያዝያ 12 አካባቢ ሌላው ፍልሰታ በሚፈታበት ሰሞን፣ የሚያዝያው ያቃጥለናል የፍልሰታው ግን ከደመናው በላይ ስለሆነ ማንም አያውቀውም።

ስለ ብርዱ ብዙ ሰው ያወራል፣ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጨለማው ነው። ታህሳስ ላይ እዛ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ ሰዓት ብንቆጥረው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው! ቀኑ 9 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መሃል ፀሐይ ስትጠልቅ እያየ ላደገ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከስራ ስትወጣ ጨለማ፣ ስትገባም ጨለማ። ስለዚህ ደብሮኛል፣ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ ካለችዎት ምን ጎደለሽ ብለው አይቆጧት፣ የብርሃን ማጠር እውነትም ሰውን ይጫናል፣ ብዙዎች ይታመሙበታል፣ ከቆየባት ሀኪም ታማክር። በሰኔ ግን ይገለበጣል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው።

ወደ ሃይቁ ልምጣ። መኪናው እውነት ነው እማማ። ሚኒያፖሊስ ያለችበት ሚኒሶታ የሚባለው ግዛት ውስጥ ከ10 ሺ በላይ ሃይቅ አለ፣ በድሮ ዘመን ምድሩን የሸፈነው ትልቅ በረዶ እየፈገፈገ ጉድጓዱን ትቶት የሄደ ነው። የኛ ጣና ታሪኩ ሌላ ነው፣ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ውሃውን ገድቦት የተኛ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሰፊ ሃይቅ ግን ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ። ከተማዋ መሃል ካሉት ትልቁ ብዴ ማካ ስካ የሚባለው 2 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ደቅ ደሴት ብቻዋን ብዙ እጥፍ ትበልጠዋለች። ታዲያ ያ ሃይቅ ከላይ ግግር ይሆናል። ሰዉ መሰርሰሪያ ይዞ ይሄድና በረዶውን ይበሳዋል፣ የድስት ክዳን የምታህል ቀዳዳ፣ አጠገቧ ትንሽ ወንበር ዘርግቶ መንጠቆውን ይጥላል፣ አንዳንዱ በመኪና ጎትቶ ያመጣት ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ምድጃ አንድዶ ነው የሚያጠምደው። እኛ ጋ ቀረሶና አምባዛ በታንኳ እንደሚወጣው እዛም ከበረዶ ስር ዓሣ ይወጣል። ዓሣው ለምን አይሞትም ካሉኝ፣ ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው፣ ያ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በረዶው ግን ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፍና ለታችኛው ውሃ እንደ ጋቢ ይሆንለታል።

ይሄን ግን አደራ ይንገሩልኝ፣ በረዶ ሁሉ አያስኬድም። ለሚራመድ ሰው ውፍረቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት ነው የሚባለው፣ ለመኪና ከሱ እጥፍ በላይ። ወቅቱ ሲገባና ሲወጣ በረዶው ይሳሳል፣ ሰውም መኪናም ይሰምጣል። ሀገሩን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አትርገጠው፣ ወንዝ ዳር አትሂጂ ያሏት ምክር እዚህ ላይ ልክ ነው። ወንዝም ደሞ አላቸው፣ ሚሲሲፒ፣ አባይ ከጣና ወጥቶ ባህር ዳርን ሰንጥቆ ጢስ አባይ ላይ እንደሚወድቀው ሁሉ እሱም እዛው ግዛት ካለ ኢታስካ ከሚባል ሃይቅ ተነስቶ መሃል ሚኒያፖሊስ ላይ ፏፏቴ ይሰራል። ለናፈቃት ቀን እሱ ጋ ትሂድ።

የህዝቡን ነገር ጎረቤትዎም ልጁም አልተሳሳቱም። በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ሚኒያፖሊስ ከተማዋ ብቻዋን 429,954 ሰው ነበራት፣ ከጎኗ ካለችው ከሴንት ፖልና በዙሪያቸው ካሉት ከተሞች ጋር ሲደመር ነው ወደ 3.7 ሚሊዮን የሚሆነው። ባህር ዳር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 155,428 ሰው ነበራት፣ ከዛ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ ሌላው ሁሉ ግምት ነው፣ ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች ግን እርስዎም በአይንዎ አይተዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፣ የሚኒሶታ ህዝብ ከግማሽ በላዩ በዛች አንድ ከተማ ዙሪያ ነው የሚኖረው፣ የኛ ክልል ግን በዛ ቆጠራ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኖረው ባህር ዳር ውስጥ የነበረው ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም፣ ሌላው ገጠርና ትናንሽ ከተማ ነው።

ስልኩን በተመለከተ፣ በመሃላችሁ 12 ሺ ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፣ ፀሐይዋ እኛ ጋ ቀድማ ነው የምትደርሰው። በበረዶው ወቅት 9 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ እርስዎ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲደውሉ ለሷ እኩለ ሌሊት ነው። ቡናውን ይተዉትና ጠዋት 12 ሰዓት ቤተክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ይደውሉ፣ እዛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል፣ ከስራ ገብታ እራቷን በልታለች። መጋቢት መግቢያ ላይ ግን ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያደርጉ ልዩነቱ 8 ይሆናል፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንደዛው ነው፣ ያኔ ጠዋት 12 ሰዓት ለሷ 4 ሰዓት ማታ ስለሚሆን ትንሽ ቀደም ይበሉ። ሃይቁን ማየት ከፈለጉ ደሞ እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ የእህትዎ የልጅ ልጅ ቪዲዮ ኮል ይክፈትልዎት፣ ለሷ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፣ ዳር ላይ ቆማ በረዶውን ታሳይዎት።