እናቴን ዝም ያሰኘኋት ቀን

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ስጸልይ ቃል ያልቅብኛል፤ ደስ ያለኝ ቀን ደግሞ ይብስብኛል። ምን ላድርግ?» ብላ ጻፈችልኝ። የመካከለኛውን ዘመን የክርስትና ፍልስፍና 30 ዓመት አስተምሬያለሁ። መልሱ ኪሴ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ይዤ ስቀመጥ ግን የመጣችብኝ እናቴ ናት።

ውጭ አገር ስማር የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ አንድ የላቲን ቃል ነበር፤ ዩቢላቲዮ፣ ቃል የሌለው የደስታ ድምፅ ማለት ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ያለችው የሂፖ ጳጳስ፣ መዝሙር 32ን ሲተረጉም ስለ አጫጆችና ወይን ለቃሚዎች ያወራል። ሥራ ላይ ሲዘፍኑ በቃል ይጀምራሉ፣ ደስታው ሲሞላባቸው ቃሉን ይጥሉትና ድምፁ ብቻ ይቀራል። እግዚአብሔርን መናገር አትችልም፣ ዝም ማለትም አትችልም፤ እንግዲያው ልብህ ያለ ቃል ደስ ይበለው ነው ነገሩ። ከእሱ በኋላ የመጡት መነኮሳት ይህን ሐሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያመላልሱት ኖረዋል። እኔም 2 ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በዚያው መሀል ለእረፍት አገሬ ስገባ አማካሪዬ አገር ለማየት አብረውኝ መጡ። እናቴ የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ገና ከታክሲው ስወርድ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶቿ ከየቤታቸው እየወጡ ተቀበሏት። እኔ ፈረንጁ ፊት አፈርኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም አፈርኩ። ጠጋ ብዬ «እማዬ፣ በቃ በይ፣ ሰው ፊት» አልኳት።

እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። እጇ አፏ አጠገብ እንደተነሣ ቀረ። ጎረቤቶቹ አንድ ሁለት ጊዜ ቀጥለው እነሱም ተዉት። አማካሪዬ «ቃል አለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለውም፣ የገጠር ልማድ ነው» ብዬ ሻንጣቸውን ተቀብዬ ገባሁ። የእኔ ሻንጣ ውስጥ ቃል ስለሌለው ደስታ የጻፍኩት ረቂቅ ነበር።

ስንት ዓመት ቆይቶ ነው «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ» የሚለውን በልጅነቴ ስሰማው የኖርኩትን የዕርገት ምስባክ ልብ ያልኩት። ላቲኑ ከዩቢላቲዮ ጋር አንድ ዘር ባለው ቃል የሚጠራውን ግእዙ ይባቤ ይለዋል፣ አማርኛው እልልታ። ላቲን ያስተማሩን ሽማግሌ ብርቱካን እየላጡ ነበር ግስ የሚያስረቡን፤ ዛሬም ብርቱካን ሲሸተኝ ግስ ይመጣብኛል። ያን ሁሉ ደክሜ የእናቴን ድምፅ አላወቅኩትም።

ቦናቬንቱራ የሚባል የፍራንሲስካውያን ማኅበር መነኩሴ አለ። በ1259 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ላ ቬርና ተራራ ወጥቶ፣ ነፍስ ወደ እግዚአብሔር የምትወጣበትን መንገድ በሱራፌል ክንፍ ልክ 6 ደረጃ አድርጎ አሰበው። ደረጃውን እንደ ጥሩ አናጺ ነው የሚሠራው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ጸጋን ጠይቅ እንጂ ትምህርትን አትጠይቅ፣ የጸሎትን መቃተት እንጂ ንባብን አትጠይቅ ይላል። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ «ታዲያ ለምን ጻፈው?» ብለው ይስቁ ነበር። ደህና መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ትልቁ የሥነ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስም በታኅሣሥ 1273 እ.ኤ.አ. ቅዳሴ ላይ አንድ ነገር ደርሶበት ብዕሩን አስቀመጠ። የጻፍኩት ሁሉ ገለባ መሰለኝ አለ።

እሱ ግን ገለባ ያለው ጽፎ ጽፎ ነው። እናንተ ተማሪዎች ሳትጀምሩ ነው ገለባ የምትሉት። ግእዝ ተማሩ፣ ግስ ይሰልቻል አትበሉ። አሁን ቃል አያስፈልግም ስል ቆይቼ ተማሩ እላለሁ፣ ይሁን፣ ሁለቱንም አምንበታለሁ። የዘንድሮ ልጅ ጥምቀት ላይ እልል ከማለት እልልታ መቅረጽ ይቀናዋል፤ እሱም ያናድደኛል፣ ምንም እንኳ ለመናደድ መብት ባይኖረኝ።

ለልጅቷ «ሲያልቅብሽ አትፍሪ» ብዬ ጻፍኩላትና ከመላኬ በፊት አጠፋሁት። እኔ ነኝ አትፍሪ የምለው?

እናቴን ዝም ካሰኘኋት ቀን ከ4 ዓመት በኋላ አገባሁ። ሙሽራዋን ይዤ ስገባ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እናቴ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛዋለች፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። የምትጠብቀው ፈቃድ እንደሆነ ገብቶኛል። ካሜራ የያዘው ሰው «ወደዚህ ተመልከቱ» አለን፣ ዞርኩለት።