ከጋሸና ወደ ላሊበላ በእግር፦ የካርታውን ጠርዝ አትቁረጥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በመጋቢት አራት ሆነን ከጋሸና ተነስተን፣ በመቄት አፋፍ ላይ ተጉዘን፣ ወደ ላሊበላ በእግር ልንወርድ ነው፤ የወረቀት ካርታ እንግዛ ወይስ የስልክ መተግበሪያ ይበቃናል?» ነው ያልከው። ከእኔ በፊት ከመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ «ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል» ብለውሃል፤ ግማሾቹ ደግሞ «ባትሪህ ሲያልቅ ታያለህ» ብለው አልፈዋል። እኔ በዚያው ወር፣ በዚያው መንገድ፣ እንደ እናንተው አራት ሆነን ሄጃለሁ። ወረቀቱንም ስልኩንም ይዤ ነበር። ገደል ላይ ያደርነውም አንዱ ጎድሎብን አይደለም። የሁለቱን ቁጥር ሳላውቅ ስላደባለቅሁ ነው። ረዘም አድርጌ ብጽፍልህ ታገሠኝ።

1. ስልኩን በተመለከተ። ሰው ሁሉ የሚከፍተው የጉግል ካርታ ለመኪና መንገድ ጥሩ ነው፤ የመቄትን የእግር መንገድ ግን እዚያ አታገኘውም። በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ከኦፕንስትሪትማፕ የሚቀዱትን፣ እንደ ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉትን ተጠቀም። ወልድያ ወይም ደሴ ሳለህ የአገሩን ካርታ በሙሉ አውርደው። ኦስማንድ ላይ የከፍታ መስመሮቹ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች፣ ለብቻቸው ስለሚወርዱ እነሱን እንዳትረሳ። ያለ እነሱ ገደሉና ሜዳው አንድ ዓይነት መስሎ ይታይሃል። «ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም» የሚሉህን አትስማ። ስልኩ ያለህበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ነው፤ ኔትወርክ የሚያስፈልግህ ካርታውን ለማውረድ ብቻ ነው። አፋፉ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ብርድ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ አድርገህ ከጋቢህ ሥር ደረትህ ላይ አሳድረው። የእኔ ስልክ ገደል ላይ ባደርንበት ሌሊት እንኳን ከግማሽ በላይ ባትሪ ነበረው። ሰው ሁሉ ስለ ባትሪ ሲያስፈራራ የምናደደው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ «900 ሜትር ቀርቶሃል» ሲልህ በቀጥታ በአየር ለክቶ ነው። በመቄትና በላስታ መካከል በአየር 900 ሜትር የሆነ ቦታ በእግር ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። መተግበሪያው ላይ የተሰመሩት የእግር መንገዶችም አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሄዶባቸው የመዘገባቸው ስለሚሆኑ፣ ያ ሰው ተሳስቶ ከነበረ ስሕተቱን ተከትለህ ትሄዳለህ።

2. ወረቀቱን በተመለከተ። ለጎብኚ የሚሸጠውን፣ ኢትዮጵያን በሙሉ በአንድ ገጽ የያዘውን ካርታ ግድግዳህ ላይ ስቀለው። 1፡2,000,000 በሆነ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት 20 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያስፈልግህ 1፡50,000 የሆነው የቅየሳ ካርታ ነው። በእሱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ የከፍታ መስመሮቹም በየ20 ሜትሩ ናቸው። መስመሮቹ ተጨናንቀው አንድ ቡናማ ክር የመሰሉበት ቦታ ገደል ነው። በዚያ ክር ላይ መስመሮቹ ላላ የሚሉበት ጠባብ ቦታ ካየህ፣ የአገሩ ሰው «በር» የሚለው መውረጃ እዚያ ሊሆን ይችላል። ይህንን ስልክ ላይ በጣትህ እያጎላህና እያሳነስህ ስትፈልገው አንዱን ታይና ሌላውን ታጣለህ። ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ዘርግተህ አራት ራስ ሲያጎነብስበት ግን አገሩ በሙሉ በአንድ እይታ ይገባሃል።

ሉሆቹ የቆዩ ናቸው፤ አዲስ መንገድና ትምህርት ቤት አትፈልግባቸው። ቤተ ክርስቲያኖቹን ግን እመናቸው። ቤተ ክርስቲያን ከቦታው አይነሳም፣ ዙሪያውን የከበበው የጥድ ደንም ከሩቅ ይታያል። እኔ ዛሬ መንገዴን የማረጋግጠው ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየቆጠርሁ ነው። የመንደር ስሞች በላቲን ፊደል ስለተጻፉ አንዳንዶቹን የተወለደባቸው ሰው እንኳን አያውቃቸውም። ጮክ ብለህ ሁለት ሦስት ዓይነት አድርገህ ጥራቸው፣ አንደኛውን ያውቁልሃል።

3. ሉሁን ማግኘት። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ካርታ ወደሚሸጥ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ደብዳቤ» አለኝ። ምን ደብዳቤ? ካርታውን ለምን እንደምፈልገው የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። እኔ መምህር ነኝ፣ በእረፍቴ በእግር ለመሄድ ነው የፈለግሁት፣ ማን ደብዳቤ ይጽፍልኛል? «ለእግር ጉዞ ካርታ ምን ይሠራልሃል? መንገዱን ጠይቀህ አትሄድም?» አለኝ። ተመልሼ ደሴ ከትምህርት ቤቴ ደብዳቤ አጻፍኩ። ሁለተኛ ስሄድ «የሉሆቹ ቁጥር አልተጠቀሰም» ተባልኩ። ሦስተኛ ስሄድ ከሚያስፈልጉኝ ሉሆች አንዱ አለ፣ ሌላው፣ አፋፉ ያለበት ዋናው፣ «አልቋል» ተባለ። ሦስት ጊዜ ደሴ አዲስ አበባ፣ የአውቶቡሱና የአልጋው ወጪ፣ የሁለት ሳምንት እረፍቴ! ሠራተኛው ስለ ካርታው አንዲት ነገር ቢነግረኝ፣ «ከታች ያለውን ጽሑፍ አንብበው» ቢለኝ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ይቅር እለው ነበር።

ስለዚህ የጎደለኝን ሉህ ከአንድ የማውቀው ሰው ተውሼ ፎቶ ኮፒ አደረግሁ። ሉሁ ትልቅ ስለሆነ በማሽኑ ላይ አልገባ አለ። የኮፒ ቤቱ ልጅ «ጋሼ፣ ዙሪያውን ያለውን ነጭ ልቁረጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁረጠው አልኩት። ከወንድም አደራ በላይ አድርገህ የምትይዝልኝ ምክር ይህ ነው፦ ያንን ጠርዝ አትቁረጥ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቤቴ ተቀምጬ በወረቀቱ ላይ መውረጃውን በር አገኘሁት። የሉሁን መስመሮች ቆጥሬ ቁጥሮቹን፣ ማለትም ቦታን በሜትር በሚገልጸው በዩ ቲ ኤም አጻጻፍ (የእኛው ዞን 37 ነው) የሚጻፉትን የምሥራቅና የሰሜን ቁጥሮች፣ አወጣሁ። ስልኬም በዚሁ አጻጻፍ እንዲያሳይ አደረግሁና ቁጥሮቹን አስገባሁ። «በር» ብዬ ሰየምኩት። ኮርቼ ነበር። ጓደኞቼን ሰብስቤ ሰማያዊዋን ነጥብ አሳየኋቸው።

የወሎ ደጋ በመጋቢት በልግ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው መጋቢትን የፀሐይ ወር አድርጎ ያስባል፤ አንተም ጥያቄህ ላይ «ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት» ብለሃል። እኛ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አፋፉ አጠገብ ስንደርስ ከተከዜ በኩል ጉሙ ሽቅብ እየተንከባለለ መጣና አሥር እርምጃ ፊታችንን ማየት አቃተን። ስልኩን እያየሁ መራኋቸው። «ደርሰሃል» አለኝ። የቆምነው ግን የግጦሽ ሣር ላይ ነበር። በርም፣ ገደልም፣ መንገድም የለም። ትንሽ ወደ ሰሜን ብንሄድ ይገኛል ብዬ ቀጠልኩ፤ እውነትም አፋፉ ላይ ደረስን። ወደ ታች የምትወርድ ቀጭን የእግር ዱካ አየሁ። «ይኸውላችሁ» አልኩ።

የፍየል መንገድ ነበር። ሁለት እርከን ካስወረደችን በኋላ ጠፋች። ድንጋዩ ረጥቧል። ከመካከላችን ከባዱን ቦርሳ የያዘው ጓደኛዬ ተንሸራተተና እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠማዘዘ። ወደ ላይ ልንመልሰው አቃተን። ወደ ታች ገደል ነው። ከአንድ ጥርብ አለት ሥር ተጠጋግተን፣ አራት ሰው በሁለት ጋቢ፣ ካፊያ እየወረደብን አደርን። ሌሊቱን በሙሉ ስልኬን እያወጣሁ አየው ነበር። ነጥቡ አሁንም ከኋላችን፣ ከላይ፣ ሣሩ ላይ ነው። ስልኩ አልዋሸም፣ ወረቀቱም አልዋሸም። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ጠዋት ከላያችን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ድምፃችንን ሰማ። ሮጦ አባቱንና አጎቱን አመጣ። በጠፍር ጎትተው አወጡን። አባትየው የጓደኛዬን እግር በነጠላው እየጠመጠመ «አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ በሩ እኮ ይኸው አጠገባችሁ ነው» አለን። ከዘነጋሁት ሁሉ ያልዘነጋሁት ያንን ነው። ከወረድንበት በስተ ምሥራቅ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፤ አህያ ተጭኖ የሚወርድበት፣ ድንጋዩ በኮቴ የተላገ ሰፊ መውረጃ። የዕለቱ ገበያተኛ በእሱ ሲወጣ ቆመን አየነው። ጓደኛዬ በበቅሎ ወደ ጋሸና፣ ከዚያም በመኪና ወደ ወልድያ ሄደ። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ሥራ አልገባም። ሰዎቹ ገንዘብ ስሰጣቸው የተቀበሉኝ የበቅሎዋን ብቻ ነው።

ደሴ ተመልሼ በመንገድ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ቀያሽ ለነበሩ አንድ ጎረቤቴ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ታሪኩን ሳልጨርስላቸው «ጠርዙ የታለ?» አሉኝ። እሳቸው ጋ ያለውን ሙሉ ሉህ አምጥተው ጣታቸውን ከታች ካለው ጽሑፍ ላይ አሳረፉ። አዲንዳን ይላል። በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ የቅየሳ መነሻ ነጥብ ስም ነው። የእኛ የቆዩ ካርታዎች ልካቸውን የሚጀምሩት ከእሱ ነው። ስልኩ ደግሞ የሚለካው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው የሳተላይቶች መነሻ ነው። አንዱን ቦታ ሁለቱ በተለያየ ቁጥር ይጠሩታል። በእኛ አገር ልዩነቱ ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 90 ሜትር ያህል ነው። በወረቀቱ ላይ አራት ሚሊ ሜትር፣ የእርሳስ ጫፍ ያህል! እኔ የወረቀቱን ቁጥር ሳላስተካክል ስልክ ውስጥ ስላስገባሁት ነጥቡ ከእውነተኛው በር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሸሸ። ሣሩ ላይ ያቆመን እሱ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰሜን ስሄድ አፋፉ ላይ ከበሩ በስተ ምዕራብ ደረስኩ።

በሜዳ አገር 200 ሜትር ምንም አይደለም፣ ቤቱን ታየዋለህ። በመቄት አፋፍ ላይ 200 ሜትር ማለት ከላይና ከታች ማለት ነው።

4. አሁን የማደርገውን ልንገርህ። ጉዞ ስጀምር የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። ስልኩ የሚለኝን ቁጥር እጽፋለሁ፣ ወረቀቱ ለዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን ቁጥር ከጎኑ እጽፋለሁ፣ የምሥራቁንም የሰሜኑንም የወረቀቱን ቁጥር ከስልኩ ቀንሼ ልዩነቱን አሰላለሁ። በሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን እደግመዋለሁ። ሁለቱ ልዩነቶች ከተቀራረቡ፣ ከወረቀት ወደ ስልክ በማስገባው ነጥብ ሁሉ ላይ ያንን እደምራለሁ፤ ከስልክ ወደ ወረቀት ከሆነ እቀንሳለሁ። ይህን ሳታደርግ ከአንዱ ወደ ሌላው ቁጥር አታሻግር። ማስላት ካልፈለግህ ወረቀቱን በዓይንህ ብቻ፣ ስልኩን ለብቻው ተጠቀምባቸው፤ ያም ይሠራል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማየትም ይቻላል፤ ግን አራቱንም ጠርዝ አስገብተህ አንሳው።

የአገሩን ሰው መሪ አድርጋችሁ ያዙ። ካርታው ለዚህ ምትክ አይሆንም፤ ጉም ሲወርድ በሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያወርድህ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ጸጥታ ጋሸና ላይ ከሾፌሮችና ከገበያተኞች ጠይቁ። ጉም ከያዛችሁ ደግሞ ስልኩ ምንም ቢል ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። የበልግ ጉም ብዙ ጊዜ ጠዋት ይገለጣል፤ እኛን የጎዳን አንድ ሌሊት መታገሥ ማቃታችን ነበር።

እኔ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ አንዱን ጊዜ እግሩ ከተጎዳው ጓደኛዬ ጋር። ሁለቱንም ጊዜ በሩ ላይ በቀጥታ ወረድን። ያንን ልጅ አሁን አድጎ አገኘሁት፤ እንደ አባቱ «አብሽር» እያለ ነው የተቀበለኝ።

ያለቀ የተባለውን ሉህ በኋላ አግኝቼ ገዝቻለሁ፣ ጠርዙ እንዳለ ነው። ልዩነቶቹን በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በእርሳስ ጽፌባቸዋለሁ። በደሴ በኩል የምታልፉ ከሆነ ቀደም ብለህ ጻፍልኝና አውስሃለሁ፣ ከላሊበላ ስትመለሱ ትመልስልኛለህ። እስከዚያ ግን የስልክህ መተግበሪያ ቁጥሩን በዲግሪ ነው ወይስ በዩ ቲ ኤም የሚያሳይህ? እሱን ንገረኝ፤ በዲግሪ ከሆነ መቀየሪያው የት እንዳለ አሳይሃለሁ።