የአማዞን ጫካ የመስክ ጥናት፦ ፈቃጁ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የአንትሮፖሎጂና የኢኮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ኢኳዶር፣ ፓስታሳ ግዛት ሄጄ በአማዞን ጫካ ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ከኪችዋዎች ጋር ሦስት ወር ልቀመጥ አስቤያለሁ። የማጠናው የመድኃኒት ዕፅዋትንና የጫካውን ዛፎች ነው። የዩኒቨርሲቲዬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶልኛል። ምን ይቀረኛል?

መልስ፦ ዋናው ይቀርዎታል። ጫካው ባለቤት አለው፤ የማኅበረሰቡ ጉባኤ «ይሁን» ሳይል ምንም አይጀመርም። ናሙና የሚቆርጡ ከሆነ ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ነገሩን እንደ ወረቀት ሥራ አይዩት። የቦቦናሳ ወንዝ ዳር የሳራያኩ ኪችዋዎች፣ ሳይጠየቁ መሬታቸው ለነዳጅ ፍለጋ ስለተሰጠ መንግሥትን ከሰው እ.ኤ.አ. በ2012 በኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ረትተዋል።

ስለዚህ ምን እንደሚጠይቁ፣ ምን ይዘው እንደሚወጡና ምን እንደሚመልሱላቸው በስፓኒሽ አንድ ገጽ ጽፈው ከወራት በፊት ይላኩ። ጉባኤው የሚቀመጠው በራሱ ጊዜ ነው፤ ሳይልኩ ከሄዱ የመጀመሪያው ወር በመጠበቅ ሊያልቅ ይችላል።

የመድኃኒት ዕፅዋቱን ርዕስ ቢተዉት ደስ ይለናል። በጤፍ ዱቄት ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት ተመዝግቦበት፣ የሄግ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ ስንት እንዳንገበገበን ያውቃሉ። የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን ማሳተም ለዚያው በር መክፈት ነው። ሴቶቹ ካሳቫ የሚያለሙበት ቻክራ የሚባለው ማሳ ግን ሰፊ ርዕስ ነው፤ እሱን ያስቡበት።

ኑሮውን በተመለከተ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ላይ ቤተሰቡ እሳት ዳር ተሰብስቦ የጓዩሳ ቅጠል አፍልቶ ይጠጣል። ሕልም የሚነገረው፣ የቀኑም ሥራ የሚመከረው ያኔ ስለሆነ ተኝተው አያሳልፉት። መጠጣቸው አስዋ ነው፦ ካሳቫው ተቀቅሎ ይወቀጣል፣ ሴቶች ከፊሉን አኝከው ይመልሱታል፣ በምራቁ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና በእንስራ ውስጥ ይብላላል። ባለቤቲቱ በሸክላ ጣባ ስታቀርብልዎ አልፈልግም ማለት እሷን መናቅ ነው፤ ባይጠጡ እንኳ ተቀብለው ከንፈርዎን ያስነኩ። ሚንጋ ሲጠራም ይውጡ፤ የኛው ደቦ ነው። ቋንቋውም አይክበድዎ፤ የኪችዋ ግስ እንደ አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል።

ዛፍ ሲለኩ የግንዳቸው ዲያሜትር 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ይለኩ። ሥሩ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ግንዱን የሚደግፍ ዛፍ ከሆነ ከክንፉ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ። ሐረግ ካለበት ሜትሩን በሐረጉና በግንዱ መካከል ያሳልፉት፤ ከሐረጉ በላይ ካሰሩት ዛፉ ያልሆነውን ወፍሮ ይመዘገባል። የለኩበትን ቦታ ቀለም ይቀቡት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ዓመት የሚለካው ሰው ሌላ ቦታ ይለካና ዛፉ «ቀጠነ» ይባላል።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን ቀድመው ይውሰዱ፤ ለእባብ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ይያዙ። ሳምንታት አልፈውት የማይደርቅ፣ ጠርዙ ያበጠ ቁስል ካዩ ቁንጭር ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ያለው ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፤ የአማዞኑ ዝርያ ግን ከዓመታት በኋላ አፍንጫና ጉሮሮ ሊበላ ስለሚችል ከጫካው ወጥተው ወዲያው ይመርመሩ።