ሞዛርት እየሰማሁ ባጠና ጎበዝ እሆናለሁ?

እህቴ፣ ከጅማ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ፍሬሽማን ነሽ፣ ናቹራል። ክራር ትጫወቻለሽ። የዶርም ልጆች «ሞዛርት አእምሮ ይከፍታል» ስላሉሽ ኢርፎን ከጆሮሽ አይወርድም፤ ውጤትሽ ግን ንቅንቅ አላለም። ቤተሰብ ፋርማሲ ይላል። አንቺ ደግሞ ሙዚቃና አንጎል የሚገናኙበት ሥራ ይኖር እንደሆነ ጠይቀሻል።

መጀመሪያ ሞዛርቱን፣ የድሮውን የአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲ፣ እንገላገለው። ወሬው የተነሳው በ1993 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሞዛርትን ሶናታ፣ ግጥም የሌለው የፒያኖ ሙዚቃ፣ ለ10 ደቂቃ ሰሙ። ከዚያ ታጥፎ የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳባቸው ገመቱ። ጥሩ ሠሩ። ግን ጥቅሙ 15 ደቂቃ እንኳ በቅጡ አልቆየም። ወሬው አገር ለአገር ሲዞር የፈረንጅ አብሾ ሆነና አረፈው። በኋላ የሞከሩት እንዳዩት፣ ደስ የሚል ሙዚቃ ያነቃል፤ የነቃ ሰው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናል። በቃ። የምትወጂው ዘፈንም ያንኑ ያደርጋል። ቡናም ያነቃል፤ ጅማ ተቀምጠሽ ቡና አይቸግርሽም።

ሲነበብ የሚረብሸው ግጥም ያለው ዘፈን ነው። አንጎል የምታነቢውንም የሚዘፈነውንም ቃል እኩል ሊይዝ ይሞክራል፤ ሁለቱም ይደነቃቀፋሉ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ዘፈን ከፍቼ ስሸመድድ አድሬ፣ ፈተና ላይ የመጣልኝ አዝማቹ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከማጥናትሽ በፊት ስሚ። ስታነቢ ኢርፎኑን አውልቂው። ሂሳብ እየደጋገምሽ ስትሠሪ ግጥም የሌለው ቢሆን ብዙም አይጎዳሽም።

ዜማን ግን አልናቅኩም። የቁርአን ቤት ልጆችን ስሚ፤ የአብነት ተማሪዎችንም። የሚይዙትን ቃል በዜማ ነው የሚይዙት። ዜማና ምት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይጎትታሉ። ፔሪዮዲክ ቴብሉን በክራርሽ ሞክሪው፤ የዶርም ልጆች ቢስቁም ይሳቁ።

አሁን ወደ ሥራው። በ2011 አንዲት የአሜሪካ የምክር ቤት አባል፣ ጋብሪኤል ጊፈርድስ፣ ጭንቅላቷ ላይ በጥይት ተመታች። ተረፈች፤ መናገር ግን አቃታት። በአብዛኛው ሰው ንግግር የሚያዘው በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ዜማ ላይ ደግሞ ቀኙም ብዙ ይሠራል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቃላቱን እያዜመች እንድታወጣ አደረጉ። የጠፋባት ቃል በዜማ ይመጣላት ጀመር። ከስትሮክ በኋላ አፋቸው የተያዘ ሰዎችንም እንዲሁ የሚረዱ አሉ። ይህ ሙያ ነው፤ ደመወዝም አለው።

ከናቹራል ወደ አንጎል ሥራ የሚያስገቡ በሮች ያንቺው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ። አንዱ ሕክምና ነው፤ ከዚያ ኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ወይም ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ስፔሻላይዝ ታደርጊያለሽ። ረጅም ነው፣ አልዋሽሽም። ሁለተኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ በቀጥታ ሳይካትሪ። ሦስተኛውን ብዙ ተማሪ አያስበውም፦ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ያለው ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ፣ የሕክምና መሣሪያዎች ምሕንድስና። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያነቡ መሣሪያዎች እዚያ ሙያ ውስጥ ናቸው። እጅሽ ዕቃ መፍታት የሚወድ ከሆነ እኔ ይሄን አስቀድም ነበር።

ፋርማሲም ቢሆን አንጎል ላይ የሚሠራ መድኃኒት ያጠናል፤ ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር አትጣይ። ክራሩን ለመተው ግን ፋርማሲም ሕክምናም ምክንያት አይሆኑሽም።

ዲፓርትመንት ከመሙላትሽ በፊት ሳይካትሪ ያለች አንዲት ሲኒየር ፈልጊና ቡና ጋብዣት። ስለ ውሎዋ ጠይቂያት፤ ስንት ሰዓት በሽተኛ ጋ እንደምትቆይ፣ ምን እንደሚያሰለቻት። ኪቶ ፉርዲሳም በባጃጅ ሂጂና ላብራቶሪውን አሳዩኝ በይ። ያየሽውን ጻፊልኝ፤ ምርጫውን አብረን እንደረድረዋለን።