ጃፓን ሄዳችሁ እንግሊዝኛ ለማስተማር ለተሰናዳችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቶኪዮ ለብዙ ዓመታት ለጎልማሶች እንግሊዝኛ ሳስተምር የተረዳሁት አንድ ነገር አለ፤ ተማሪዎቻችሁን ከማያውቁት ቃል ይልቅ የሚያውቁት የሚመስላቸው ቃል ያስቸግራቸዋል።

ጃፓንኛ ከእንግሊዝኛ የወሰዳቸውን ቃላት ካታካና በተባለው ፊደል ይጽፋል፤ ብዙዎቹ ግን ትርጉማቸው ተለውጧል። ማንሾን በእንግሊዝኛ የባለጸጋ ሰፊ ቪላ ሲሆን በጃፓን ተራ አፓርታማ ነው። ኮንሴንቶ በእንግሊዝኛ ፈቃድ የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ይመስላል፤ በጃፓን ግን የግድግዳ ሶኬት ነው፤ በእንግሊዝኛ ብልህ ከሚለው ቃል የመጣው ሱማቶም በጃፓን ሸንቃጣ ሰው ነው። ቡፌ ባይኪንጉ (ቫይኪንግ) መባሉ እንኳ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1958 የቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል ምግቡን በዚህ ስም ካቀረበ በኋላ ነው።

አንድ የቢሮ ሠራተኛ ተማሪዬ ለውጭ አገር እንግዳው ማንሾን ውስጥ እንደሚኖር ሲነግረው፣ እንግዳው ተደንቆ ስንት ክፍል እንዳለው ጠየቀው። «ሁለት» አለ። ይህን በክፍል ውስጥ ሲያወራልን በሁሉም ፊት «ተሳስተሃል» አልሁት፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያም ለሦስት ሳምንታት ትንፍሽ አላለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የተናገረው ቃል ትክክለኛ ጃፓንኛ ነበርና። እናንተ ግን የጃፓንኛውንና የእንግሊዝኛውን ትርጉም ጎን ለጎን ጻፉላቸው እንጂ የራሳቸውን ቃል ስሕተት አትበሉባቸው።

ፈሊጣዊ አነጋገርንም በዝርዝር አታስሸምድዷቸው። በመጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ ምን እንደሚሉ ጠይቋቸው። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» የምንለውን እነርሱም ኢሴኪ ኒቾ ይሉታል፤ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ስለሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። እኛ ታጋሹን ሆደ ሰፊ እንደምንለው እነርሱ ለጋሱን ፉቶፓራ፣ ማለትም ሆደ ወፍራም ይሉታል፤ ሲቆጡም ሆዳቸው እንደቆመ ይናገራሉ። በዚህ ረገድ ለእኛ ቅርብ ናቸው፤ የአማርኛ ተናጋሪ መምህር ይህን ቅርበት ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል። እንግሊዝኛ ግን በመጨረሻው ሰዓት ፈርቶ ያፈገፈገን ሰው እግሩ እንደቀዘቀዘ አድርጎ ይገልጸዋል፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ከነሁኔታው፣ ማን ለማን መቼ እንደሚለው ካልተነገራቸው አይያዝላቸውም።

ያ ተማሪዬ በአራተኛው ሳምንት ከትምህርት በኋላ ወደ እኔ መጥቶ በጣቱ ግድግዳውን እያመለከተ፣ ሶኬት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል በዝግታ ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ በማስታወሻ ደብተሩም ላይ በአንድ መሥመር ኮንሴንቶን፣ ከጎኑም አውትሌትን ጻፈ።